ከአንድ ሽቦ ሁለት ድምፅ
የክሮስኦቨር ታሪክና የአሮጌ ድምፅ ማጉያዎች እድሳት

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ አበው የተናገሩት ምሳሌ ለሰው ልጅ ሥራ ብቻ የተነገረ ይመስላል። ይሁን እንጂ ድምፅን በኤሌክትሪክ ኃይል ከሩቅ ለማሰማት የደከሙት ጠበብት በሥራቸው ያገኙት እውነት ከዚሁ ምሳሌ የራቀ አይደለም። አንድ ድምፅ ማጉያ የዜማን ሁሉ ሸክም ብቻውን እንዲሸከም ሲገደድ ይደክማል፤ ሸክሙ ለሁለት ወይም ለሦስት ሲከፈል ግን እያንዳንዱ ድርሻውን አጥርቶ ያሰማል። ይህን ሸክም የሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር የሚባለው መሣሪያ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ተሰውሮ ስለሚኖር ስሙን የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው፤ ጆሮአችን የሚሰማውን ሁሉ ግን የሚዳኘው እርሱ ነው።

ስለዚህ መሣሪያ መጻፍ ያስፈለገበት ምክንያት አለ። ዛሬ በብዙ አገር ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ዓመታት የተሠሩትን ድምፅ ማጉያዎች ፈልጎ የሚገዛ፤ ከፍቶ የሚያድስና የሚለውጥ ሰው እየበዛ ሄዷል። ከእነዚህም መካከል ዐውቆ የሚያድስ እንዳለ ሁሉ፤ ያደሰ መስሎት የሚያጠፋም አለ። የአሮጌ መጽሐፍ ገጽ ሲቀደድ ጉዳቱ በዓይን ይታያል፤ የአሮጌ ድምፅ ማጉያ ጠባይ ሲለወጥ ግን የቀድሞውን የሚያስታውስ ጆሮ ከሌለ ጉዳቱን የሚመሰክር አይገኝም። ስለዚህም ታሪኩን ከሥሩ መመልከት ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እንለምናለን።

አንዱ ብቻውን ለምን አይበቃም?

ድምፅ የአየር መርገብገብ ነው። አየሩ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚርገበገብበት ቍጥር በኸርዝ ይለካል። ጤነኛ የሆነ የወጣት ጆሮ ከ20 ኸርዝ እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ያለውን ድምፅ ይሰማል። በማሕሌት ጊዜ ከበሮ የሚሰጠው ድምፅ ከታችኛው፤ ጸናጽል የሚሰጠው ደግሞ ከላይኛው ወገን የሚቈጠር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው፤ የ40 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ 8 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ሲኖረው፤ የ10,000 ኸርዝ ድምፅ ሞገድ ግን ከ3 ሳንቲ ሜትር ተኩል አይበልጥም።

ወፍራሙን ድምፅ ለማሰማት ብዙ አየር የሚገፋ ሰፊ የወረቀት ሾጣጣ ያስፈልጋል። ሰፊው ሾጣጣ ግን ክብደት ስላለው በአንድ ሴኮንድ ዐሥር ሺሕ ጊዜ ተመላልሶ ለመርገብገብ አይቀልለውም፤ ቢርገበገብም ቀጭኑን ድምፅ እንደ መኪና መብራት ወደ ፊት ብቻ ይወረውረዋል እንጂ ለክፍሉ ሁሉ አያዳርሰውም። ቀጭኑን ድምፅ የሚያሰማው ትንሽ ማጉያ ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ በሙሉ ኃይሉ ቢላክበት ጥቃቅን ሽቦው ይቃጠላል። የመጀመሪያው ዓይነት ዉፈር፤ ሁለተኛው ትዊተር ይባላል።

በአገራችን እምቢልታ ነፊዎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ድምፅ ብቻ ይዘው፤ በየተራቸው እየነፉ አንድ ሙሉ ዜማ ያወጣሉ። የዉፈርና የትዊተር አሠራር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ እምቢልታ ነፊ ተራውን በጆሮው የሚያውቅ መሆኑ ነው፤ ወረቀትና ማግኔት ግን ተራ አያውቁም። በመካከላቸው ቆሞ «ይህ ያንተ ነው፤ ያ የዚያኛው ነው» የሚል ዳኛ ያስፈልጋቸዋል።

ከቴሌፎን የተወለደ መሣሪያ

የክሮስኦቨር ወላጅ የሙዚቃ ቤት ሳይሆን የቴሌፎን ቤት ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በከተሞች መካከል የሚዘረጋው ሽቦ ዋጋው ከባድ ስለ ነበረ፤ መሐንዲሶች በአንድ ሽቦ ላይ ብዙ ንግግር የሚያልፍበትን ዘዴ ይፈልጉ ነበር። ለዚህም ንግግሮቹን በልዩ ልዩ የሞገድ ቍጥር ልኮ፤ በመድረሻው ላይ አንዱን ከሌላው ሳይቀላቅል የሚለይ ወንፊት ያስፈልግ ነበር። ይህን የኤሌክትሪክ ወንፊት የአሜሪካ የቴሌፎንና የቴሌግራፍ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ጆርጅ ካምቤል ፈልስፎ በ1917 የባለቤትነት መብቱን አገኘ፤ በጀርመን አገርም ካርል ዊሊ ቫግነር በዚያው ዘመን ለብቻው ወደዚሁ ግኝት ደርሶ ነበር። በ1918 በባልቲሞርና በፒትስበርግ ከተሞች መካከል በአንድ ሽቦ ብዙ ንግግር ማስተላለፍ ተጀመረ። በ1923 ደግሞ ኦቶ ዞቤል የወንፊቱን ስሌት አስፋፍቶ ለመሐንዲሶች ሁሉ መመሪያ የሆነ ጽሑፍ አወጣ። የዞቤል ስም እስከ ዛሬ ድረስ በድምፅ ማጉያ ሠሪዎች አፍ የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ድምፅ ማጉያው ራሱ በዚህ ጊዜ ገና በእግሩ በመቆም ላይ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ፎኖግራፍ በኤሌክትሪክ ሳይሆን በአንድ ጡሩምባ ብቻ የሚናገር መሣሪያ ነበር፤ በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በሰም ሲሊንደር ቀርጸው የላኩት የወዳጅነት ቃል የተሰማው በዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ነው። ለሰው ንግግር ይህ ይበቃ ነበር፤ ከበሮንና ጸናጽልን በአንድነት ለማሰማት ግን አቅም አልነበረውም። በ1925 በአሜሪካ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ ጡሩምባ የሌለውን፤ በማግኔት መካከል በሚንቀሳቀስ ጥቅል ሽቦ የሚሠራውን ባለ ወረቀት ድምፅ ማጉያ ለሊቃውንት ገለጹ። ዛሬ በየቤቱ ያለው ድምፅ ማጉያ አብዛኛው የዚህ ልጅ ነው።

በሲኒማ አዳራሽ

ሁለቱ ጅረቶች፤ ማለት የቴሌፎኑ ወንፊትና አዲሱ ድምፅ ማጉያ፤ የተገናኙት በትልልቅ አዳራሾች ነው። በ1926 ዶን ሁዋን የተባለው ፊልም ከተቀዳ ሙዚቃ ጋር በኒው ዮርክ ታየ፤ በ1927 ደግሞ ዘ ጃዝ ሲንገር የተዋናዩን ቃል አሰማ። ሕዝቡ ተደነቀ፤ መሐንዲሶቹ ግን አልረኩም። በዚያን ጊዜ በሲኒማ ቤት የተተከለው ጡሩምባ የመካከለኛውን ድምፅ በሚገባ ሲያሰማ፤ የከበሮውን ጥልቀትና የጸናጽሉን ጥራት ያጐድል ነበር።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች ታላቅ ሙከራ አደረጉ። የፊላዴልፊያ ኦርኬስትራ በፊላዴልፊያ ከተማ ሲጫወት፤ ድምፁ በሦስት የቴሌፎን መሥመሮች ተጉዞ በዋሽንግተን ከተማ በኮንስቲቲዩሽን አዳራሽ ለተሰበሰበው ሕዝብ ተሰማ። ኦርኬስትራውን በፊላዴልፊያ አሌክሳንደር ስማለንስ ሲመራ፤ ዝነኛው ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ በዋሽንግተን ተቀምጦ የድምፁን መጠን ይቈጣጠር ነበር። በእያንዳንዱ መሥመር መጨረሻ የቆመው ድምፅ ማጉያ በሁለት የተከፈለ ሲሆን፤ ከ300 ኸርዝ በታች ያለው ወደ ታላቁ ጡሩምባ፤ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ትንንሾቹ ጡሩምባዎች ይላክ ነበር። ንግግሮችን ለመለየት የተፈለሰፈው ወንፊት ከበሮን ከጸናጽል ለመለየት ዋለ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መክፈል ብቻውን በቂ አለመሆኑ ብዙ ሳይቈይ ታወቀ። በሆሊዉድ የሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የድምፅ ክፍል ሹም ዳግላስ ሺረር፤ ከጆን ሂሊያርድና ከጄምስ ላንሲንግ ጋር ሆኖ እንዲህ ያለውን ሥርዓት ለሲኒማ ለማዋል ሲመረምር፤ ታፕ በሚባለው የጫማ ጭፈራ ላይ አንዱ የእግር ምት ሁለት ሆኖ ይሰማ እንደ ነበር ይተረካል። ምክንያቱ ቀላል ነበር። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ የሴኮንድ 3 ሺሕኛ ያህል ጊዜ ይፈጅበታል፤ የወፍራሙ ድምፅ ጡሩምባ ከቀጭኑ ይልቅ በጣም ረዥም ስለ ነበረ የአንዱ ምት ሁለት ክፍሎች ተለያይተው ይደርሱ ነበር። ሺረርና ባልደረቦቹ የወፍራሙን ጡሩምባ አጥፈው አሳጠሩት፤ ድንበሩንም በ400 ኸርዝ አካባቢ አቆሙ። ሂሊያርድና ሃሪ ኪምቦልም በ1936 ስለ ከፋፋዩ መሣሪያ አሠራር ለባለሙያዎች ጽሑፍ አወጡ። የአሜሪካ የፊልም አካዴሚ ስለዚህ ሥራ በ1936 ውድድር የቴክኒክ ሽልማት ሰጣቸው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ክሮስኦቨር ድምፅን የሚከፍል መሣሪያ ቢሆንም የሚመዘነው በመክፈሉ አይደለም፤ የከፈለው ድምፅ በአድማጭ ጆሮ ተመልሶ አንድ በመሆኑ ነው።

ከአዳራሽ ወደ ቤት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ ጥበብ ወደ ሰዎች መኖሪያ ቤት ገባ። በ1945 የአልቴክ ላንሲንግ ኩባንያ ለሲኒማ ቤቶች ያወጣው «የቲያትር ድምፅ» የተባለው ማጉያ በአሜሪካ እጅግ ሲስፋፋ፤ በ1946 ፖል ክሊፕሽ በክፍል ማዕዘን የሚቆመውን ባለ ጡሩምባ ማጉያ ለገበያ አቀረበ። በ1947 የእንግሊዙ ታኖይ ትዊተሩን በዉፈሩ እምብርት ላይ አስቀምጦ፤ ድንበሩን በ1,000 ኸርዝ አካባቢ አድርጎ ሠራ፤ ይህም ሁለቱ ድምፆች ከአንድ ነጥብ እንዲወጡ ነው። በ1958 ደግሞ ኤድጋር ቪልቹር በአሜሪካ ኤ አር 3 የተባለውን፤ እንደ ጉልላት ቅርጽ ያለው ትዊተር የተገጠመለትን ሣጥን አወጣ። በዚህ ሣጥን ድምፁ ለሦስት የተከፈለ ሲሆን ድንበሮቹ 1,000 ኸርዝና 7,500 ኸርዝ ነበሩ። በስተ ጀርባውም ባለቤቱ የመካከለኛውንና የቀጭኑን ድምፅ መጠን እንደ ክፍሉ ጠባይ የሚያስተካክልባቸው ሁለት ማዞሪያዎች ነበሩበት።

በ1976 ሲግፍሪድ ሊንክዊትዝ፤ ከባልደረባው ከረስ ራይሊ ጋር በመሆን ሁለቱ ድምፆች በድንበራቸው ላይ ሳይጋጩ እንዲደመሩ የሚያደርገውን ስሌት አቀረበ፤ ይህም በሁለቱ ስም ይጠራል። ስለዚህ በአሮጌ ሣጥኖች ውስጥ የምናገኘው ክሮስኦቨር አንድ ዓይነት አይደለም፤ እያንዳንዱ በዘመኑ የነበረውን ዕውቀት፤ በእጅ የተገኘውን ቁሳቁስና የሠሪውን ጆሮ ይመሰክራል።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው ዳኛ

አሠራሩ ለተማሪም የሚከብድ አይደለም። ካፓሲተር የሚባለው ክፍል ቀጭኑን ድምፅ በቀላሉ ሲያሳልፍ ወፍራሙን ይከለክላል፤ ስለዚህ በትዊተር ደጃፍ ይቆማል። ጥቅል ሽቦ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ስለዚህ በዉፈር ደጃፍ ይቆማል። ሬዚስተር ጩኸት የበዛበትን ለማብረድ ይጨመራል። ለምሳሌ የ8 ኦም ትዊተርና የ8 ኦም ዉፈር በ3,000 ኸርዝ ላይ ለመለየት 6.6 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና 0.42 ሚሊሄንሪ ጥቅል ሽቦ ይበቃል። አንድ ክፍል ብቻ ሲኖር የሞገዱ ቍጥር ከድንበሩ በእጥፍ በራቀ ቍጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ሁለት ክፍል ሲሆን ቅነሳው 12፤ አራት ሲሆን 24 ዴሲቤል ይሆናል።

ይህ የመጽሐፍ ስሌት ነው። በእውነተኛው ሣጥን ውስጥ ግን 8 ኦም የተባለው ማጉያ በሁሉም የሞገድ ቍጥር 8 ኦም ሆኖ አይገኝም፤ በአንዱ ስፍራ ይወጣል፤ በሌላው ይወርዳል። ስለዚህም ጥሩ ሠሪዎች ከስሌቱ ተነሥተው፤ እየለኩና እያዳመጡ ክፍሎቹን ለዚያው ማጉያ ልክ ያደርጓቸዋል። ክሮስኦቨር ለገላ ተለክቶ እንደ ተሰፋ ልብስ ነው፤ ለአንዱ የተሰፋው ለሌላው አይሆንም።

ለዚህ ግልጽ ምስክር የሚሆነው በ1970ዎቹ ዓመታት የእንግሊዝ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን መሐንዲሶች ከስቱዲዮ ውጭ በመኪና ውስጥ ለሚደረግ ሥራ የሠሩት ኤል ኤስ 3/5 ኤ የተባለው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ነው። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፤ ድንበሩ በ3,000 ኸርዝ አካባቢ ነው። በክሮስኦቨሩም ላይ የእያንዳንዱን ትዊተር ኃይል መጥኖ የሚያስተካክል ትራንስፎርመር ነበረበት። ከጊዜ በኋላ ማጉያዎቹን የሚሠራው ፋብሪካ የሚያወጣቸው ዕቃዎች ከቀድሞዎቹ ትንሽ እየተለዩ በመሄዳቸው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ክሮስኦቨሩ እንደገና ተነደፈ። መሐንዲሶቹ ክሮስኦቨሩን ለወጡ፤ የለወጡትም የድምፁ ጠባይ እንዳይለወጥ ነው።

እድሳትና ለውጥ

በሣጥን ውስጥ ካሉት ክፍሎች ጥቅል ሽቦ አልፎ አልፎ እንጂ አያረጅም። ካፓሲተር ግን፤ ይልቁንም ኤሌክትሮሊቲክ የሚባለው ዓይነት፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሚደርቅ መጠኑ ይለወጣል። ከላይ የጠቀስነው 6.6 ማይክሮፋራድ በዕርጅና 10 ቢሆን፤ የትዊተሩ ድንበር ከ3,000 ወደ 2,000 ኸርዝ ይወርዳል፤ ትዊተሩም ያልታዘዘለትን ሸክም ይሸከማል። ማዞሪያዎችም ይዝጋሉ። በኤ አር 3 ላይ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ይህ ነው፤ ባለቤቱ ትዊተሩ ሞተ ብሎ ሲጥለው የሞተው የዛገው ማዞሪያ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

እንዲህ ያለውን መተካት እድሳት ነው፤ የሚያስመሰግንም ነው። ነገር ግን በዚህም ውስጥ ምሥጢር አለ። አሮጌው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር በራሱ ትንሽ ተቃውሞ ስላለው ሠሪው ያንን ቈጥሮ ሣጥኑን አስተካክሎ ነበር። ዛሬ ፊልም የሚባለው ውድ ካፓሲተር በቦታው ሲገባ ያ ተቃውሞ ይጠፋል፤ ትዊተሩም ከታሰበለት በላይ ይጮኻል። ባለቤቱ «ጠራ» ብሎ ይደሰት ይሆናል፤ የጠራው ግን ሚዛኑ በመፋለሱ ነው። ዐዋቂ አዳሽ በዚህ ጊዜ ትንሽ ሬዚስተር ጨምሮ የቀድሞውን ሚዛን ይመልሳል። ጥቅል ሽቦውን በወፍራም ሽቦ በመተካትም በዉፈሩ ላይ ተመሳሳይ ለውጥ ይመጣል።

ሌላም ወጥመድ አለ። በብዙ አሮጌ ሣጥኖች የትዊተሩ ሽቦ ተገልብጦ፤ የመደመሩ ምልክት ከመቀነሱ ጋር ታስሮ ይገኛል። ይህን ያየ ጀማሪ «የሠራተኛ ስሕተት ነው» ብሎ ያቃናዋል። ስሕተት ግን አይደለም። በየደጃፉ ሁለት ሁለት ክፍል ያለው ክሮስኦቨር በድንበሩ ላይ ሁለቱን ድምፆች ተቃራኒ ያደርጋቸዋል፤ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ እርስ በርሳቸውም ይጣፋሉ። ሠሪው ሽቦውን የገለበጠው ይህን ጥፋት ለማስቀረት ነው። ጀማሪው ያቃና ሲመስለው በዜማው መካከል ጕድጓድ ይቈፍራል።

ሁሉም ለውጥ ጥፋት ነው ማለታችን ግን አይደለም። በ1978 ያማሃ ያወጣው ኤን ኤስ 10 የተባለው ማጉያ በስቱዲዮዎች ሲስፋፋ ቀጭኑ ድምፁ ስለ በዛባቸው ባለሙያዎች በትዊተሩ ፊት ስስ ወረቀት ይሰቅሉ ነበር። ዘዴው የዋህ ነው፤ ነገር ግን ችግሩን ዐውቆ የተደረገና በማንኛውም ሰዓት ሊነሣ የሚችል ነበር። በ1987 ኩባንያው ራሱ ለስቱዲዮ የተሻሻለ ዓይነት አወጣ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መመሪያ አጭር ነው። ሣጥኑን የሚከፍት ሰው አስቀድሞ ያለውን ሁሉ በወረቀት ይሣል፤ የእያንዳንዱን ክፍል መጠን ይለካ፤ ለምን እንደ ተቀመጠም ይጠይቅ። ከሁለቱ ሣጥኖች አንዱን ብቻ አድሶ ሁለተኛውን እንደ ነበረ ያቈይ፤ ጎን ለጎንም ያዳምጣቸው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ። ያወጣውን አሮጌ ክፍል አይጣል፤ በሣጥኑ ውስጥ አስሮ ያስቀምጠው፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው የቀድሞውን ይመልስ ዘንድ ይችላልና።

ይህ መመሪያ ለድምፅ ማጉያ ብቻ የሚጠቅም አይመስለንም። ከፊታችን የነበሩት ሰዎች ያቆሙት ነገር አንዳንዱ በርግጥ ያረጀ ነው፤ መተካት አለበት። አንዳንዱ ግን የተገለበጠ መስሎ የሚታይ ትክክል ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ጊዜንና ትዕግሥትን ይጠይቃል። መምህራን ለተማሪዎቻቸው የኤሌክትሪክን ትምህርት ሲያስተምሩ አንድ አሮጌ ሣጥን ከፍተው ቢያሳዩአቸው፤ ካፓሲተርንና ጥቅል ሽቦን ከማወቃቸው ሌላ፤ ከመለወጥ በፊት መጠየቅን ይማሩበታል።